ስሌትና ልብ ወለድ፦ የዡል ቬርን የሥራ ሕይወት

በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኘው በአሚየን ከተማ፣ አልቤር ባዱሮ ለተባለ የማዕድን መሐንዲስ ያልተለመደ ሥራ ቀረበለት። ሥራው የድልድይም፣ የማዕድን ጉድጓድም፣ የባቡር ሐዲድም አልነበረም። የመሬት ዛቢያ ካዘመመበት ተነሥቶ ቀጥ እንዲል ቢፈለግ ምን ያህል ኃይል እንደሚጠይቅ፣ ይህንንም ኃይል ከአንድ ግዙፍ መድፍ የኋሊት ግፊት ማግኘት ይቻል እንደ ሆነ አስልቶ እንዲያቀርብ ነበር የተጠየቀው። ጠያቂው በዚያው ከተማ የሚኖር፣ ስልሳ ዓመት ገደማ የሆነው፣ በአንድ እግሩ የሚያነክስ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነው። መሐንዲሱ ስሌቱን ሠርቶ አስረከበ፤ የድካሙም ዋጋ ተከፈለው። ጸሐፊው በዚያ ስሌት ላይ ተመሥርቶ በ1889 አንድ ልብ ወለድ አሳተመ፤ የመሐንዲሱም ስሌት ማየት ለሚፈልግ አንባቢ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ እንደ ተጨማሪ ምዕራፍ ሆኖ ታተመ።

ይህ ጸሐፊ ዡል ቬርን ነው። ዓለም በአብዛኛው የሚያውቀው ሰርጓጅ መርከብን፣ የጨረቃ ጉዞንና ሌላውን የዘመናችንን ድንቅ ነገር ሁሉ አስቀድሞ እንዳየ ትንቢት ተናጋሪ አድርጎ ነው። ሕይወቱን በቅርብ የመረመረ ግን የሚያገኘው ሰው ከዚህ የተለየ ነው። ቬርን ሳይነጋ የሚነሣ፣ በውል የታሰረ፣ የሌላውን ሙያ በአክብሮት የሚጠይቅ፣ የጻፈውን ደጋግሞ የሚያርም የሥራ ሰው ነበር። ለሙያ ሰዎች ትምህርት የሚሆነውም ከትንቢቱ ይልቅ ይህ የሥራ ልማዱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቬርን የተወለደው የካቲት 8 ቀን 1828 በምዕራብ ፈረንሳይ በናንት ከተማ ነው። ናንት በሎዋር ወንዝ ዳር የተቆረቆረች፣ ኑሮዋ ከመርከብና ከባሕር ንግድ ጋር የተሳሰረ የወደብ ከተማ ነበረች። አባቱ ፒየር ቬርን የሕግ ባለሙያ ሲሆኑ፣ የእናቱ ወገኖች ደግሞ ከመርከበኞችና ከመርከብ ባለንብረቶች የሚወለዱ ነበሩ። ገና በ11 ዓመቱ ከቤት ጠፍቶ ወደ ሩቅ አገር በሚጓዝ መርከብ ላይ ተሳፈረ፣ አባቱም ደርሰው አስወረዱት እየተባለ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ይህ ታሪክ ግን ከሞቱ ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ በአንዲት ዘመዱ በተጻፈ የሕይወት ታሪክ የታወቀ በመሆኑ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በጥርጣሬ ይመለከቱታል። እርግጥ የሆነው ነገር አባቱ የበኩር ልጃቸው የእርሳቸውን የሕግ ሥራ እንዲረከብ መፈለጋቸው ነው። ወደ ባሕር የሄደው ታናሽ ወንድሙ ፖል ነበር።

በ1848 ቬርን ሕግ ለመማር ወደ ፓሪስ ሄደ። ያ ዓመት በፈረንሳይ አብዮት የተነሣበት፣ ንጉሣዊው አገዛዝ ወድቆ ሪፐብሊክ የታወጀበት ዓመት ነው። ወጣቱ ትምህርቱን በሚገባ ጨርሶ ፈቃዱን አገኘ፤ ልቡ ግን ከቴአትር ጋር ነበር። ከታወቀው ደራሲ ከአሌክሳንደር ዱማና ከልጁ ጋር ተዋወቀ፤ በእነርሱም እርዳታ በ1850 አንድ አጭር ኮሜዲው ለመድረክ በቃ። አባቱ ወደ ናንት ተመልሶ ቢሮውን እንዲረከብ ሲጠይቁት አሻፈረኝ አለ። የሕግ ሥራ የእርሱ እንዳልሆነ፣ ቢይዘውም እንደሚያበላሸው ገለጸላቸው።

ከዚያ በኋላ የመጡት አሥር ዓመታት የክብር ዓመታት አልነበሩም። በ1850ዎቹ መጀመሪያ በአንድ የሙዚቃ ቴአትር ቤት ውስጥ በአነስተኛ ክፍያ የጽሕፈት ቤቱን ሥራ ያከናውን ነበር። የጻፋቸው ተውኔቶች ጥቂቶቹ ታዩ፤ የሚበዙት ተረሱ። በትርፍ ጊዜው ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት እየሄደ የጂኦግራፊ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የአሰሳ ጉዞ ጽሑፎችን ያነባል፤ ካነበበውም ማስታወሻ ይይዛል። ለቤተሰብ ንባብ በሚዘጋጅ አንድ መጽሔት ላይ አጫጭር ታሪኮችን ያወጣ ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ በ1851 የታተመው በባሎን ስለ ተደረገ ጉዞ የሚተርከው ነው። በጊዜው ማንም ልብ ያላለው ይህ ታሪክ የኋላ ሥራውን አቅጣጫ በትንሹ የሚያሳይ ነበር።

በ1857 ሁለት ሴቶች ልጆች የነበሯትን ኦኖሪን የተባለች ባሏ የሞተባትን ሴት አገባ። ቤተሰብ ማስተዳደር ግድ በመሆኑም ከአባቱ ገንዘብ ተበድሮ በፓሪስ የአክሲዮን ገበያ በድለላ ሥራ ተሰማራ። በዚህ ሥራ ስሙን ያስጠራ ባለጸጋ አልሆነም። ሆኖም ዕድሜ ልኩን ያልተወውን ልማድ ያጸናው በእነዚህ ዓመታት ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ተነሥቶ ይጽፋል፤ ረፋዱ ላይ ወደ ገበያው ይሄዳል። ቀኑ የእንጀራ ነው፤ ንጋቱ ግን የራሱ ነበር። በ1861 ብቸኛ ልጁ ሚሼል ሲወለድ ቬርን 33 ዓመቱ ነበር፤ በእጁም ይህ ነው የሚባል የታተመ መጽሐፍ አልነበረውም።

ዕድሉ የተለወጠው በ1862 ነው። በዚያ ዓመት ተመራማሪዎች አፍሪቃን በባሎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲያቋርጡ የሚያሳይ ረቂቅ ይዞ ወደ አሳታሚው ፒየር ዡል ኤትዜል ዘንድ ቀረበ። ኤትዜል ተራ ነጋዴ አልነበረም። በ1848ቱ ሪፐብሊክ በመንግሥት ውስጥ ያገለገለ፣ ከ1851 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ በብራስልስ በስደት የኖረ፣ የባልዛክንና የቪክቶር ሁጎን ሥራዎች ያሳተመ፣ ራሱም በብዕር ስም የሚጽፍ ሰው ነበር። ረቂቁን አይቶ እንዲታረም መከረ፤ ቬርንም አርሞ አመጣው። በጥቅምት ወር የተፈረመው ውል ለመጀመሪያዎቹ 2,000 ቅጂዎች 500 ፍራንክ የሚያስከፍል ነበር።

«አምስት ሳምንት በባሎን» በጥር 1863 ታተመ። የወቅቱ ሁኔታም ረዳው። የዓባይ ምንጭ ወዴት እንደ ሆነ በመላው ኤውሮፓ የሚያከራክር ጉዳይ በነበረበት በዚያን ጊዜ፣ የልብ ወለዱ ተጓዦች ከዛንዚባር ተነሥተው በታላቁ ሐይቅ ላይ እያለፉ ወንዙ የሚወጣበትን ስፍራ ከአየር ላይ ያያሉ። እንግሊዛዊው ስፒክ ወንዙ ከሐይቁ የሚወጣበት ቦታ በሐምሌ 1862 ደርሶ ነበር፤ ወሬው ኤውሮፓ የደረሰው ግን መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ነው። ቬርን ወደ ሥፍራው አልሄደም፤ ከባሎንም ጋር የነበረው ትውውቅ በአብዛኛው የንባብና የጨዋታ ነው። በእጁ የነበሩት የተጓዦች ዘገባዎች፣ ካርታዎችና የሃይድሮጅን ጋዝ ባሕርይ ናቸው። እነዚህን አገጣጥሞ አንባቢ ሊከተለው የሚችል መንገድ ቀየሰ።

ወዲያው ግን ትልቅ ትምህርት የሆነው ነገር ደረሰበት። በመጀመሪያው መጽሐፉ ተበረታቶ «ፓሪስ በሃያኛው ክፍለ ዘመን» የተባለ ረቂቅ ለኤትዜል አቀረበ። ታሪኩ በ1960 ይፈጸማል፤ በጋዝ የሚነዱ ሠረገላዎች፣ ሥዕልን በሽቦ የሚያስተላልፉ መሣሪያዎች፣ ሌሊቱን ሙሉ በብርሃን የሚያበሩ ጎዳናዎች ይታዩበታል፤ በመካከልም ሥራ አጥቶ የሚራብ ወጣት ባለቅኔ አለ። ኤትዜል ረቂቁን መለሰው። ደካማ ሥራ መሆኑን፣ ቢታተም የጸሐፊውን ስም እንደሚጎዳ፣ በትንቢቱም የሚያምን አንባቢ እንደማይገኝ ያለ ይሉኝታ ጻፈለት። ቬርን ረቂቁን አስቀመጠው፤ ከዚያ በኋላም አልተመለሰበትም። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1989 በልጅ ልጁ ልጅ እጅ ተገኘና በ1994 ታተመ። ዓለም ትንቢት ተናጋሪ የሚለው ይህ ሰው፣ እውነተኛ ትንቢት የሆነውን አንድ መጽሐፉን በሕይወቱ ሳያሳትም መሞቱ የሚያስገርም ነው።

በመጋቢት 1864 ኤትዜል ለወጣቶች የትምህርትና የመዝናኛ መጽሔት አቋቋመ፤ ቬርን ዋነኛ ጸሐፊው ሆነ። ልብ ወለዶቹ መጀመሪያ በመጽሔቱ በተከታታይ ይወጣሉ፤ ከዚያ በርካሽ እትም፣ በመጨረሻም በዓመቱ መዝጊያ ለስጦታ በሚሆን ባለ ሥዕል እትም ይታተማሉ። ይህ ሁሉ ተከታታይ ሥራ «ድንቅ ጉዞዎች» የሚል የጋራ ስም ተሰጠው። በ1865 በተፈረመው ውል ቬርን በዓመት ሦስት ቅጽ ሊያስረክብ፣ አሳታሚውም በወር 750 ፍራንክ ሊከፍለው ተስማሙ። በ1871 ግዴታው ወደ ሁለት ቅጽ ዝቅ ሲል ክፍያው በወር ወደ 1,000 ፍራንክ ከፍ አለ። የአክሲዮን ገበያውን ተሰናብቶ በብዕሩ ብቻ መኖር የቻለው በዚህ ነው። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ከፍተኛ ትርፍ ከሚያስገኙት ባለ ሥዕል እትሞች ለብዙ ጊዜ ድርሻ አልነበረውም፤ ውሉ በ1875 እስኪሻሻል ድረስ የትርፉ ትልቅ ክፍል ወደ አሳታሚው ሄዷል። የቅጽ ግዴታው በከበደበት ወራት ላይ ደግሞ ገቢውን ለመደጎም የፈረንሳይን የጂኦግራፊ መጽሐፍ የማጠናቀቅ ሥራ ተቀብሎ አውራጃ በአውራጃ ጽፎ ጨርሷል።

ቬርን ሥራውን የሚያከናውንበት ሥርዓት ለጠያቂዎቹ ካስረዳውና ከተረፉት ረቂቆቹ ይታወቃል። መነሻውን፣ መካከሉንና መድረሻውን ሳያውቅ አንድም መጽሐፍ አይጀምርም ነበር። መጀመሪያ በእርሳስ ይጽፋል፤ የወረቀቱን አንድ ወገን ለእርማት ክፍት ይተዋል፤ ከዚያ በቀለም ይጽፍበታል። ረቂቁ ወደ ማተሚያ ቤት ሄዶ የእርማት ወረቀቱ ሲመለስ ሥራው ያለቀ አይመስለውም፤ እንዲያውም እውነተኛው ሥራ ያኔ የተጀመረ ይመስለዋል። አንዱ ምዕራፍ ሰባትና ስምንት ጊዜ ወደ ማተሚያ ቤት የሚመላለስበት ጊዜ ነበር። ጠዋት ከንጋት በፊት እስከ ረፋዱ ይጽፋል፤ ከቀትር በኋላ በአሚየን የኢንዱስትሪ ማኅበር ቤተ መጻሕፍት ጋዜጦችንና የሳይንስ መጽሔቶችን ያገላብጣል። ከንባቡ የሚወስዳቸውን ማስታወሻዎች በርእስ በርእሱ እየለየ ያስቀምጥ ነበር፤ በእርጅናው ዘመን ቁጥራቸው ከ20,000 በላይ ደርሶ እንደ ነበር ይነገራል።

በማያውቀው ነገር ላይ ደግሞ የሚያውቀውን ሰው ይጠይቃል። በ1865 ለታተመው «ከመሬት ወደ ጨረቃ» የሒሳብ መምህር የነበረው የአክስቱ ልጅ አንሪ ጋርሴ ረድቶታል። በመጽሐፉ ውስጥ ሦስት ሰዎችን የያዘ የአሉሚኒየም ጥይት በፍሎሪዳ መሬት ውስጥ ከተቀበረ፣ ርዝመቱ 900 ጫማ ማለትም 274 ሜትር ያህል ከሆነ መድፍ ይተኮሳል። የመነሻ ፍጥነቱ በሰከንድ 12,000 ያርድ ነው፤ ይህም ወደ 11 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የመሬትን ስበት ለማምለጥ የሚያስፈልገው ፍጥነት በእርግጥም ይህን ያህል ነው።

መሐንዲስ የሆነ አንባቢ ግን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስላቱ አይቀርም። ጥይቱ ከዜሮ ተነሥቶ በ274 ሜትር ርቀት ውስጥ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር እንዲደርስ ከተፈለገ፣ ፍጥነቱ ወጥ በሆነ መንገድ ይጨምራል ብንል እንኳ፣ ጭማሪው ከመሬት ስበት ከ22,000 እጥፍ ይበልጣል፤ ጊዜውም የአንድ ሰከንድ ሃያኛ ያህል ነው። ቬርን አደጋውን ስላወቀ በተጓዦቹ እግር ሥር ውሃ የተሞላ ወለልና የሚሰባበሩ ክፍልፋዮች አድርጎ ግፊቱን ለማርገብ ሞክሯል። ይህን ያህል ኃይል ግን በውሃ ወለል የሚበርድ አይደለም፤ ሦስቱም ሰዎች መድፉን ሳይለቁ ይጨፈለቁ ነበር።

ይህ ስሕተት ፍሬ ቢስ ሆኖ አልቀረም። በሩስያ ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ፣ በትራንሲልቫኒያም ገና ተማሪ የነበረው ሄርማን ኦበርት ይህን መጽሐፍ አንብበው ተነሣሥተዋል። ኦበርት ቁጥሮቹን ራሱ መርምሮ ፍጥነቱ ትክክል፣ መድፉ ግን ገዳይ መሆኑን ተረዳ። ፍጥነቱ በቅጽበት የማይገኝ ከሆነ ቀስ በቀስ መገኘት አለበት፤ ይህም ወደ ሮኬት ይመራል። ጺዮልኮቭስኪ በሮኬት ወደ ጠፈር ስለ መጓዝ የጻፈውን መሠረታዊ ጥናት ያሳተመው በ1903፣ ቬርን በሕይወት ሳለ ነው። ቬርን ተጓዦቹን በአስማት ወይም ስሙ ባልታወቀ ኃይል ቢያስነሣቸው ኖሮ ማንም የሚያርመው ነገር ባላገኘ ነበር። ቁጥር የጻፈ ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ ነገር ግን ስሕተቱ በግልጽ ስለሚታይ ሌላው ከዚያ ተነሥቶ ይሠራል።

በ1869 እና በ1870 በተከታታይ የወጣው «20,000 ሊግ ከባሕር በታች» የተጻፈውም በዚሁ መንገድ ነው። ሰርጓጅ መርከብን የፈለሰፈው ቬርን አይደለም። አሜሪካዊው ፉልተን ኖቲለስ የተባለ ሰርጓጅ በ1800 በፈረንሳይ ሠርቶ ሞክሯል፤ የፈረንሳይ ባሕር ኃይልም በተጨመቀ አየር የሚንቀሳቀስ ሰርጓጅ በ1863 ወደ ውሃ አውርዷል። ቬርን የነበረውን ወስዶ ወደ ፊት ገፋው፤ የእርሱ ኖቲለስ 70 ሜትር ርዝመትና 8 ሜትር ስፋት አለው፤ ኃይሉን የሚያገኘውም ከባሕር ጨው ከሚወጣ ሶዲየም በተሠራ ባትሪ ነው። የመጽሐፉን ከፊል የጻፈው በሶም ወንዝ መድረሻ አጠገብ በገዛት፣ ሳን ሚሼል ብሎ በሰየማት ትንሽ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

በዚሁ መጽሐፍ ላይ በጸሐፊውና በአሳታሚው መካከል ትልቅ ክርክር ተነሣ። ቬርን ካፒቴን ኔሞን በ1863 ዓመፅ ቤተሰቡ በሩስያ መንግሥት የተደመሰሰበት የፖላንድ መኰንን ሊያደርገው አስቦ ነበር። ኤትዜል መጽሐፉ በሩስያ ገበያ እንዳይታገድ ሠጋ፤ ኔሞ የባሪያ ንግድ ጠላት እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ቬርን ይህን አልተቀበለም፤ የሰውየውን ቁጣ የሚያክል ምክንያት አይደለም አለ። በመጨረሻ የኔሞ አገርና ጠላት ሳይገለጥ እንዲቀር ተስማሙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ«ምሥጢራዊዋ ደሴት» ኔሞ እንግሊዝን የተዋጋ የሕንድ ልዑል ሆኖ ተገለጠ። ዛሬ አንባቢን የሚማርከው የካፒቴኑ ምሥጢራዊነት ከንግድ ሥጋት የተወለደ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ገደብ ሥራን ሁልጊዜ አያበላሽም፤ አንዳንድ ጊዜ መልክ ይሰጠዋል።

ከ1870–71 ጦርነትና ከፓሪስ ኮምዩን በኋላ ቬርን የባለቤቱ ቤተሰብ ወደሚገኝባት ወደ አሚየን ተዛወረ፤ ቀሪ ዕድሜውንም በዚያ ኖረ። በጣም የታወቀውን መጽሐፉን የጻፈው በዚያ ነው። «በ80 ቀን ዓለምን መዞር» ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1872 በአንድ የፓሪስ ዕለታዊ ጋዜጣ በተከታታይ ወጣ። ለዚህ መጽሐፍ ምንም አዲስ መሣሪያ አልፈለገም። የሱዌዝ ቦይ በ1869 ተከፍቷል፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካን ሁለት ዳርቻዎች የሚያገናኘው ሐዲድ ተጠናቅቋል፤ የሕንድም የባቡር መሥመር ከዳር እስከ ዳር መገናኘቱ ተነግሯል። ቬርን የመርከብና የባቡር መነሻና መድረሻ ሰዓቶችን ደምሮ አንድ ሰው በ80 ቀን ሊዞር እንደሚችል አሳየ። በሕንድ ሐዲዱ በወሬ እንጂ በእውነት ያላለቀበትን ስፍራ ፈጥሮ ባለታሪኩን በዝሆን አሳለፈው፤ ሥራ ተጠናቀቀ ተብሎ በጋዜጣ መነገሩና በመሬት ላይ መጠናቀቁ የተለያዩ መሆናቸውን የሚያውቅ መሐንዲስ በዚህ ሳይስቅ አያልፍም። በመጨረሻም ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው አንድ ቀን እንደሚያተርፍ የሚያሳየው የጂኦግራፊ ሐቅ የታሪኩ ማሠሪያ ሆነ። መጽሐፉ በ1874 ወደ ቴአትር ተለውጦ በፓሪስ ከ400 ጊዜ በላይ ታየ፤ ቬርን በወጣትነቱ ከመድረክ የተመኘውን ሀብት ያገኘው ያኔ ነው። አሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ ኔሊ ብላይ ጉዞውን በእውን ለመሞከር በ1889 ተነሥታ በ72 ቀን አጠናቀቀችው፤ በመንገዷም አሚየን ወርዳ ደራሲውን ጐብኝታለች።

የሥራው ሥርዓት ለቤቱ ያተረፈው ሰላም ግን ትንሽ ነበር። ቬርን ጸጥታ የሚወድ፣ ከቤተሰቡ ይልቅ ከጠረጴዛው ጋር ብዙ ሰዓት የሚያሳልፍ ሰው ነበር። ልጁ ሚሼል አስቸጋሪ ሆኖ ባደገ ጊዜ በ1876 በጥብቅነቱ ወደሚታወቅ የወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ተቋም ላከው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ ሕንድ በሚሄድ መርከብ ላይ አሳፈረው። ለወጣቶች ሲጽፍ የኖረ አባት ከገዛ ልጁ ጋር ለመግባባት ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል።

ከዚያም 1886 መጣ። በየካቲት ወር ብዙ ባሕር የተጓዘባትን ሦስተኛዋን ሳን ሚሼልን፣ ውድ የእንፋሎት ጀልባውን፣ ወጪዋ ስለ ከበደው ሸጠ። መጋቢት 9 ቀን የአእምሮ ሕመም ያደረበት የወንድሙ የፖል ልጅ ጋስቶን በቤቱ ደጃፍ ጠብቆ በሽጉጥ ሁለት ጊዜ ተኮሰበት፤ አንዱ ጥይት ግራ እግሩን መታው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ አነከሰ። ከስምንት ቀን በኋላ ደግሞ ኤትዜል አረፈ። ቬርን አልጋ ላይ ስለ ነበር ሃያ አራት ዓመት ረቂቆቹን ያነበበለትን ሰው ሊቀብር አልቻለም። ውሉ በኤትዜል ልጅ እጅ ቀጠለ፤ በዓመት ሁለት ቅጽ መስጠቱም እንዲሁ።

ባሕሩ ሲዘጋበት ፊቱን ወደ ከተማው መለሰ። በ1888 የአሚየን ማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ፤ ለ15 ዓመታት ያህልም አገለገለ። በቴአትር፣ በትምህርትና በከተማ ማስዋብ ጉዳዮች የሚያቀርባቸው ሪፖርቶች እንደ ልብ ወለዶቹ የተጠነቀቁ ነበሩ። በ1889 ለተመረቀው፣ ዛሬም ለቆመው የከተማው የሰርከስ ሕንፃ ግንባታ በብርቱ ከተከራከሩት አንዱ እርሱ ነበር።

የባዱሮ ስሌት የሚገኝበት ልብ ወለድም የወጣው በዚሁ ዓመት ነው። በዚህ መጽሐፍ በ«ከመሬት ወደ ጨረቃ» መድፉን የሠሩት ያው ሰዎች ከሰሜን ዋልታ በረዶ ሥር አለ የሚሉትን የድንጋይ ከሰል ለማውጣት የምድርን ዛቢያ ለማቃናት ይነሣሉ። ለዚህም በኪሊማንጃሮ ተራራ ውስጥ ግዙፍ መድፍ ይቈፍራሉ። ከተሞች በውሃ ሊዋጡ፣ ሌሎች አገሮች አየር ሊያጥራቸው እንደሚችል እየታወቀ ኩባንያው ግድ አይሰጠውም። መድፉ ይተኮሳል፤ ምድር ግን አትነቃነቅም። ምክንያቱ የሚታወቀው በመጨረሻ ነው። ስሌቱን የሠራው ሊቅ በሥራ ላይ ሳለ በስልክ ይቋረጣል፤ መብረቅ ይወድቃል፤ ሰሌዳው ይገለበጣል፤ ቁጥሩን እንደገና ሲጽፍ የምድርን ዙሪያ 40,000,000 ሜትር በማለት ፈንታ 40,000 ሜትር ይላል። በመነሻው የጠፉት ሦስት ዜሮዎች በውጤቱ ላይ የአሥራ ሁለት ዜሮ ስሕተት ሆኑ። ይህን የሚደርስበት ገጸ ባሕርይም አንድ ፈረንሳዊ የማዕድን መሐንዲስ ነው። በቀድሞው ቬርንና በእርጅናው ዘመን ቬርን መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ይታያል፤ መድፈኞቹን ቀድሞ ያደንቃቸው ነበር፤ አሁን ግን ማንም ያልመረመረው ስሌት በሥልጣንና በገንዘብ እጅ ሲወድቅ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

ከእውነተኛ ሰዎችና ከእውነተኛ ነገሮች ተነሥቶ መጻፍ ጣጣም ነበረው። በ1896 ባሳተመው አንድ ልብ ወለድ ውስጥ አእምሮውን የሳተ የፈንጂ ፈልሳፊ አለ። ሜሊኒት የተባለውን ፈንጂ የሠራው ኬሚስት ተርፓን ራሱን በዚያ ገጸ ባሕርይ አይቶ በስም ማጥፋት ከሰሰው። ለቬርን የቆመው ጠበቃ ኋላ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የሆነው ሬይሞን ፖዋንካሬ ሲሆን ቬርን ረታ። ይሁንና ለወንድሙ የጻፈው ደብዳቤ በልቡ ተርፓንን ያሰበ መሆኑን ያሳያል።

የመጨረሻ ዓመታቱ የሕመም ነበሩ። የስኳር በሽታ አዳከመው፤ ዓይኑም ፈዘዘ። መጻፉን ግን አላቋረጠም። ከውሉ ቀድሞ የመሥራት ልማድ ስለ ነበረው በመሳቢያው ውስጥ ለዓመታት የሚበቁ ያለቁ ረቂቆች ይጠብቁ ነበር። በ1905 የወጣው «የባሕር ወረራ» የተመሠረተው የፈረንሳይ ጦር መኰንን ሩዴር በ1870ዎቹ ባቀረበውና የሱዌዙ ሌሴፕስ በደገፈው፣ የሜዴትራኒያንን ውሃ በቦይ ወደ ሰሃራ ዝቅተኛ ቦታዎች የማስገባት እቅድ ላይ ነው። ቬርን በዚያው ዓመት መጋቢት 24 ቀን በ77 ዓመቱ በአሚየን አረፈ፤ በማድሌን መቃብር ተቀበረ።

ከሞቱ በኋላ ሚሼል የቀሩትን ረቂቆች በአባቱ ስም አሳተመ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ጣሊያናዊው ሰብሳቢ ፒዬሮ ጎንዶሎ ዴላ ሪቫ በኤትዜል ቤተሰብ እጅ የነበሩትን የመጀመሪያ ቅጂዎች አግኝቶ ከታተሙት ጋር ሲያስተያያቸው ልጁ ብዙ እንደ ለወጠ፣ እንዲያውም ምዕራፎች እንደ ጨመረ ተገለጠ። አባቱ ሰባትና ስምንት ጊዜ የማረም ልማዱን ሊፈጽምባቸው ያልታደሉት መጻሕፍት፣ እርማታቸውን ከሌላ እጅ ተቀበሉ። የቬርን የመጀመሪያ ጽሑፎች እንዳሉ መታተም የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ቬርን የፈረንሳይ አካዳሚ አባል ለመሆን ቢመኝም አልተመረጠም። የጻፈው ለወጣቶችና ለመዝናኛ ነው ተብሎ ለብዙ ዓመታት ከታላላቅ ደራስያን ተራ ሳይቆጠር ቆየ፤ ይህም እንዳሳዘነው አልደበቀም። ከ60 የሚበልጡት «ድንቅ ጉዞዎች» ግን በዓለም ዙሪያ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉመው ይነበባሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ቁጥሮች ዛሬ ቢመረመሩ ስሕተት ይገኝባቸዋል። ቬርን ይህን ቢሰማ የሚቀየም አይመስልም፤ ራሱ ስሌቱን ለመሐንዲስ አሳይቶ፣ ዋጋውን ከፍሎ፣ በመጽሐፉ መጨረሻ ያሳተመው አንባቢ እንዲመረምረው ነበርና።